ሜዳ ያጣ ክለብ፦ ከብራንደን እስከ ካታንጋ

እንግሊዝ የሚኖር ሐበሻ ስለ ስፖርት ካወራ ወሬው አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ነው። ልጆቻችንም እንደዚያው። እኔን ከዚህ አገር ሰው ጋር ያላመደኝ ግን እግር ኳስ አይደለም፤ ስፒድዌይ ነው። ስሙን ስጠራ አብዛኛው ወገኔ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ወጣቶቹ ብዙም አያውቁትም። አንድ ሰሞን ግን እዚህ አገር የብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ የሳምንት ቀጠሮ ነበር።

ስፒድዌይ የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። አራት ሰዎች ይሰለፋሉ፣ ሞላላ የአፈር መም ላይ አራት ዙር ይሮጣሉ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሞተሩ 500 ሲሲ፣ ነዳጁ ሜታኖል፣ ማርሹ አንድ። ፍሬን የለውም። አዎ፣ ጨርሶ የለውም። ታዲያ እንዴት ይታጠፋል ትሉ ይሆናል። የሚዞሩት ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው፤ ተወዳዳሪው ኩርባው ጋ ሲደርስ የኋላ ጎማውን ሆን ብሎ ያንሸራትተዋል፣ ግራ እግሩን ይዘረጋል፣ ከጫማው ሥር ብረት አለ፣ በዚያ ብረት መሬቱን እየዳሰሰ በጎን ተንሸራትቶ ይወጣል። አራቱም እንደዚያ ሆነው፣ ክርናቸው ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው፣ የመጀመሪያው ኩርባ ውስጥ አብረው ሲገቡ ማየት ሌላ ነገር ነው። ያንን የሚያህል ልብ የሚያቆም ነገር በሌላ ስፖርት አላየሁም። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ መጨረሻ የወጣ ባዶ። ሁለቱ ያንተ ክለብ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱ የእንግዳው።

ጨዋታው ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። እዚህ አገር ስሙ የገነነው በየካቲት 1928 ለንደን ዳር ባለው የኤፒንግ ጫካ፣ ሃይ ቢች በሚባል ቦታ ከተደረገው ውድድር ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በ1936 ዌምብሌይ ላይ ተደርጎ አውስትራሊያዊው ላዮኔል ቫን ፕራግ አሸነፈ። ጃንሆይ በስደት እንግሊዝ የገቡበት ዓመት ነው። በኛ አቆጣጠር ደግሞ 1928፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተቋቋመበት። ዌምብሌይ ላይ የመጨረሻው የዓለም ፍጻሜ የተደረገው በ1981 ነበር፤ አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሆል ሲያሸንፍ ለማየት ከ90 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ነበር።

እኔ ኮቨንትሪ የገባሁት ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ኮቨንትሪ ያኔ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ሞተር የሚገጥም፣ ሞተር የሚፈታ፣ ሞተር የሚያወራ ሰው ነበር የሞላባት። ከአዲስ አበባ ስታዲየም ለመጣ ሰው ቅዳሜ ሲደርስ እግሩ ወደ ኳስ ሜዳ ነው የሚያመራው፤ ግን ጊዜው ክፉ ነበር። በ1985 ግንቦት ወር ብቻ በብራድፎርድ የኳስ ሜዳ በተነሣ እሳት 56 ሰው ሞተ፣ ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ብራስልስ ሄይዘል ስታዲየም ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ ሊጋጠሙ 39 ሰው አለቀ። በየሜዳው ድብድብ ነበር። ጥቁር ተጫዋች ላይ ሙዝ ይወረወር ነበር። እኔን የመሰለ ሰው ብቻውን መሄድ የለበትም አሉኝ አብሮኝ የሚሠሩ ሰዎች። «ይልቅ ማታ ከኛ ጋር ብራንደን ና» አሉኝ።

ብራንደን ከኮቨንትሪ ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። የኮቨንትሪ ቢስ፣ ማለትም የንቦቹ ሜዳ እዚያ ነበር። ውድድሩ ቅዳሜ ማታ ነበር።

መጀመሪያ ያስደነቀኝ ውድድሩ አልነበረም። የእንግዳው ክለብ ደጋፊ ከኛ ጋር ተቀላቅሎ መቆሙ ነው። አጥር የለ፣ በመሃል ፖሊስ የለ። አያት ከልጅ ልጇ ጋር ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ አጠገቧ የቆመው የክራድሊ ሂዝ ደጋፊ ብስኩት ያካፍላታል፣ ከዚያ ውድድሩ ሲጀመር ይጯጯሃሉ፣ ሲያልቅ ደህና እደሩ ተባብለው ይለያያሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ጥቁር ፊት እምብዛም አልነበረም። ግን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልሰማሁም። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ዛሬም ድረስ ውለታ አድርጌ ነው የምቆጥረው።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። በር ላይ ፕሮግራም ይገዛል። ፕሮግራሙ ላይ የእያንዳንዱ ሩጫ ተወዳዳሪ ከነሄልሜቱ ቀለም ተጽፏል፤ ቀይና ሰማያዊ የባለሜዳው፣ ነጭና ቢጫ የእንግዳው። ደጋፊው ሁሉ እስክሪብቶ አለው። ማን ስንተኛ ወጣ፣ ስንት ሰኮንድ ፈጀ፣ ማን ወደቀ፣ ማን የመነሻውን ገመድ ነክቶ ተባረረ፣ ሁሉንም እዚያው ይሞላል። ዝናብ ሲሆን ፕሮግራሙን በላስቲክ ሸፍኖ ይጽፋል። አጠገቤ የሚቆሙ አንዲት ሴትዮ ነበሩ አሞላሉን ያስተማሩኝ፤ ስሳሳት እጄን ይዘው ያሳርሙኝ ነበር። ቤታቸው የብዙ ዓመት ፕሮግራም በካርቶን በካርቶን ተደርድሮ እንዳለ ነገሩኝ። ያኔ ምን ይሠራላቸዋል ብዬ ነበር።

ከዚያ ሽታው። የሞተሩ ዘይት ጉሎ ነበረበት። ሲቃጠል የሚሰጠው ሽታ እናቴ አዲስ ምጣድ በጉሎ ስታሟሽ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ ያስታውሰኝ ነበር፤ እንግሊዝ አገር፣ በብርድ፣ በማታ፣ መብራት በበራበት ሜዳ። አፈሩም ቀይ ነው። ኩርባው ጋ የቆመ ሰው ፀጉሩ ውስጥ ሳይቀር ቀይ አፈር ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። በየመሃሉ ትራክተር ወጥቶ መሙን ያስተካክላል፣ ውሃ ይረጫል፣ ሰው በዚያች እረፍት ቺፕስ ሊገዛ ይሰለፋል።

እኔ በደረስኩበት ዘመን ዴንማርኮች ዓለሙን ይዘውት ነበር። ኤሪክ ጉንደርሰን ለክራድሊ፣ ሃንስ ኒልሰን ለኦክስፎርድ ይሮጡ ነበር፤ ከ1984 እስከ 1989 የዓለም ዋንጫው ከሁለቱ እጅ አልወጣም። የኛም ቶሚ ክኑድሰን ዴንማርካዊ ነው፣ ከሱ ጋር እንግሊዛዊው ኬልቪን ታተም ነበር። በ1987 እና በ1988 ሊጉን በላን። ሽማግሌዎቹ ግን ከነሱ በፊት ስለነበረው ስለ ኦሌ ኦልሰን አውርተው አይጠግቡም ነበር። ጉንደርሰን ብራንደን ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር ይጮህበት ነበር። በ1989 ብራድፎርድ ላይ ወድቆ አከርካሪው ሲጎዳ ግን የዚያው ሜዳ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነበር። ተርፎ በእግሩ ሲራመድ ደስታው የሁሉ ሆነ።

ከዚያ ሜዳዎቹ አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ። ማንቸስተር የቤል ቩ ክለብ የሮጠበት ሃይድ ሮድ በ1987 ተሸጦ የመኪና ጨረታ ቦታ ሆነ። የክራድሊ ሂዝ ሜዳ በ1995 ተዘጋ፣ ዛሬ መኖሪያ ቤት ነው። ሃክኒ የነበረው ሜዳ ለ2012ቱ ኦሎምፒክ ሥፍራ ሄደ። ወልቨርሃምፕተንና ፒተርቦሮ በ2023 ተከተሉ። ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ክለቡ የመሬቱ ባለቤት አይደለም። ተከራይ ነው። መሬቱ ሲወደድ ቤት መሥራት ያዋጣል፣ የሳምንት አንድ ማታ ኪራይ አያዋጣም።

ብራንደን የመጨረሻውን ውድድር ያየው በ2016 ነው። ክለቡ አልፈረሰም ተባለ፤ ሌስተር ሄዶ በሰው ሜዳ ይሮጥ ጀመር። እኔም ተከትዬ ሄጃለሁ። ማሊያው ያው ነው፣ ንቧም ደረቱ ላይ አለች። ግን እነዚያ ሴትዮ የሉም። በእግሩ ወይም በአንድ አውቶቡስ የሚመጣው ሁሉ ቀርቷል። የመጣው መኪና ያለውና ጉልበት ያለው ነው። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ተንገላቶ እሱም ቆመ።

ይህንን ሳይ ነው የአገሬ ነገር ሌላ ሆኖ የታየኝ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ መካሄድ ጀመረ። ጊዮርጊስና ቡና አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ሄደው ይጋጠሙ ጀመር፣ የአዲስ አበባው ደጋፊ በዲኤስቲቪ ያይ ጀመር። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ለዓመታት ተዘግቶ ቆየ። ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ተጫወቱ። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበት ሜዳ እኮ ነው!

ዘመዶቼን ስጠይቃቸው «ጨዋታው እንደሆነ በቴሌቪዥን አለ» ይሉኛል። አለ፣ ልክ ነው። የስታዲየሙ የደጋፊ መደብ፣ ካታንጋ ግን የለም። ከማን አንሼ የሚባለውም መደብ የለም። ሚስማር ተራ ቆሞ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲተቃቀፍ የነበረው ልጅ ዛሬ ቤቱ ሶፋ ላይ ነው። ቆሎ ሻጩ፣ ስካርፍ ሻጩ፣ ጠዋት ወጥቶ እየዘፈነ የሚሰለፈው የቡና ደጋፊ፣ ይህ ሁሉ ከሜዳው ጋር ነው የሄደው። ልጅን ይዞ መሄድ ሲቆም ደግሞ ልጁ የራሱ ክለብ አይኖረውም፤ ማንቸስተር ሲቲ ይሆናል ክለቡ። ሜዳው ደረጃውን አያሟላም መባሉ ትክክል ነው፣ መታደስም ነበረበት። እኔን የሚቆጨኝ መዘጋቱ አይደለም። ሲዘጋ ደጋፊውን «ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አለመኖሩ ነው።

የኮቨንትሪ ሰዎች አልጠበቁም። የመሬቱ ባለቤት ቤት ልሥራበት ሲል ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ደብዳቤ ጻፉ፣ ስብሰባ ገብተው ተናገሩ፣ የአካባቢው ምክር ቤትም ግንባታውን አልፈቅድም አለ። ማስረጃቸው ምን ነበር? ያ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራምና ፎቶ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ለአሥርት ዓመታት በየሳምንቱ ሰው ይሰበሰብ እንደነበር የሚያሳይ። ሜዳው እስካሁን ፍርስራሽ ነው፣ አንዳንዱ ክፍሉ ተቃጥሏል። ግን ኦክስፎርድ በ2012 ተዘግቶ በ2022 እንደገና ተከፍቷል፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ ሞተር ሲነሣ እንባዬ መጣ።

እናንተ ካታንጋ ያደጋችሁ፣ ትኬቱን፣ ፎቶውን፣ የተዘፈነውን ዘፈን ግጥሙን የያዛችሁ ካላችሁ አትጣሉት። የማን ጎል እንደነበር፣ ማን አጠገባችሁ እንደቆመ ከጀርባው ጻፉበት፣ ዓመተ ምሕረቱንም ጨምሩበት።