«ሌባው ተያዘ» ብሎ መጻፍ የጥበቃ ሥራ አይደለም

ድሬ ካሉት ግቢዎች በአንዱ ጥበቃ ሆኜ ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰው ስለኛ ሥራ ሲያስብ ዱላና ባትሪ ነው የሚታየው። ሰሞኑን እንኳ የሪፖርት አጻጻፍ ሥልጠና ይሰጠን ብለን ብንጠይቅ «የሆነውን መጻፍ ምን ሥልጠና ይፈልጋል» ተባልን። እኔ ግን ከሥራችን ሁሉ ከባዱ እሱ ነው ባይ ነኝ፣ ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

የዛሬ አራት ዓመት ኅዳር 14 የማታ ፈረቃ ነበርኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ብብቱ ስር ይዞ ከዶርሞቹ ጀርባ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሲሄድ አየሁት። ቁም አልኩት፣ ቆመ። የማነው ላፕቶፑ ስለው ዝም፣ ደግሜ ስጠይቀው «ፋዘር... ጓደኛ...» ብሎ አቆመ፣ አይዲ ስለው ኪሱን ዳበሰና አጣው። ጠዋት 1 ሰዓት ርክክብ ላይ ዓይኔ በእንቅልፍ እየተከደነ ባለ 50 ሉኩ ደብተር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ላፕቶፕ ሰርቆ ሊያመልጥ ሲል ያዝኩት፣ ሲጠየቅም መልስ ለመስጠት አንገራገረ።» ፈረምኩ፣ ባጃጅ ይዤ ገንደ ቆሬ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

ልጁ ከጅግጅጋ ወዲያ የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፣ አማርኛው ገና ነበር። ላፕቶፑ የዶርም ጓደኛው ነው፣ ተውሶ ሊያነብ እየሄደ ነበር። እኔ ሶማሊኛ አልችልም፣ ግን የዛን ሌሊት ዋናው በር ላይ የነበረው ባልደረባዬ ይችላል፣ ብጣራ ይሰማኝ ነበር። አንድ ባጃጅ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በሚሰማበት ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ ቋንቋ ያጣን ልጅ «አንገራገረ» ብዬ ጻፍኩበት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት የቀረበው የኔ ወረቀት ብቻ ነው፣ እኔን የጠራኝ የለም። ልጁ ሁለት ሳምንት ከክላስ ታገደ፣ ሚድ ኤግዛም አለፈው።

ካሜራው ሊያድነው ይችል ነበር እኮ፣ ምክንያቱም የዶርሙ መግቢያ ላይ ጓደኛው ላፕቶፑን በእጁ ሲሰጠው ይታያል ብሎ ልጁ ራሱ በአስተርጓሚ ተናግሯል። ግን እኔ የጻፍኩት «ኅዳር 14 ከሌሊቱ 7:30» ነው፣ ካሜራው የሚቆጥረው ደግሞ በፈረንጅ ነው፣ ለሱ እኩለ ሌሊት ካለፈ ቀኑ ተቀይሯል፣ ሰዓቱም ኖቬምበር 24 01:30 ነው። ፈላጊዎቹ ኅዳር 14 ኖቬምበር 23 ነው ብለው የ23ን 07:30 ከፍተው አዩ፣ ጠዋት ላይ ክላስ የሚሄድ ተማሪ እንጂ ምንም የለም። ስህተቱ ሲገባቸው ካሜራው ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ በድሮው ላይ አዲስ ቀድቶበታል። አባቶቻችን እኮ «ለኅዳር 15 አጥቢያ» የሚሉት ለዚህ ነው፣ ያቺን አንዲት ቃል ብጨምርና የካሜራውን ሰዓት ከጎኗ ባስቀምጥ ኖሮ የትኛው ሌሊት እንደሆነ ማንም አይሳሳትም ነበር። በመጨረሻ ልጁን ነፃ ያወጣው በር ላይ ላፕቶፕ የምንመዘግብበት ደብተር ነው፣ ሴሪያል ነምበሩ በጓደኛው ስም ተገኘ። ይቅርታ ያለው የለም፣ እኔ ዶርሙ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት።

«ሰርቆ» የሚለውን ቃል ማን ሰጠኝ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ፍርድ ቤት የቆመን ተከሳሽ እንኳ በሂደቱ ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል፣ እኔ ግን ክስ እንኳ ሳይኖር በእስክሪብቶ ፈረድኩበት። ያየሁት ልጅ፣ ላፕቶፕ፣ አጥር፣ ሰዓት ነው። መስረቁን አላየሁም። ሊያመልጥ መሆኑንም አላየሁም፣ ቁም ስለው ቆሟል፣ እሱን ደግሞ አልጻፍኩም!

ይሄን የምለው ጥበቃን ለመውቀስ አይደለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ያደረ ሰው፣ ተረካቢው እላዩ ላይ ቆሞ፣ በዛ ሙቀት ላቡ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ በአምስት ደቂቃ ጻፍ ከተባለ የሚወጣው ይሄው ነው። ግቢዎቻችን ለሪፖርት ግማሽ ሰዓት ከፈረቃው ላይ ይቁረጡልን። ቅጽ ይስጡን፣ ቅጹ ላይ በምን ቋንቋ ተነጋገራችሁ፣ ማን አስተረጎመ የሚል ቦታ ይኑረው፣ የተያዘው ሰው ያለው ነገር በራሱ አባባል ይጻፍና ተነቦለት ይፈርም፣ ካልተስማማም አልተስማማም ተብሎ ይጻፍ። ኮሚቴውም ጸሐፊውን ሳይጠራ አይወስን። በነገራችን ላይ ይሄ ለኛም ነው የሚበጀው፣ ዕቃ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምንጠየቀው እኛ ነን፣ ያን ቀን የሚያወጣን ደግሞ በትክክል የጻፍነው ወረቀት ነው።

ባለፈው ሳምንት ርክክብ ላይ አንድ አዲስ ልጅ «ሰካራም ተማሪ በር ላይ ረበሸ» ብሎ ጽፎ አየሁ።

«ምን አየህ ልጄ?»

«ሲንገዳገድ ነዋ።»

«መጠጥ ሸተተህ?»

«ኧረ አልሸተተኝም ጋሼ።»

«ምን ብሎ ረበሸ?»

ትንሽ አሰበና «በሩ ይከፈትልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ሌላ ምንም አላለም» አለኝ። እሱን ጻፋ አልኩት። ገጹን ሊቀደው ሲል እጁን ያዝኩና በአንድ መስመር ሰርዘህ ፈርምበት፣ የሰረዝከውም ይነበብ አልኩት።