አጭር መልስ፦ ምናልባት

ያደግሁት ቢቸና ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ ቅርባችን ነው። የቅኔ አገር ሰው ወርቁን ከሰሙ ሥር ይደብቃል፤ ፈልገህ ታገኘዋለህ። አሜሪካ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄጄ የሕግ ጽሑፍ ክፍል ስገባ ግን መምህሯ «መልሱን አስቀድም» አለችኝ። ጭብጡ፣ አጭር መልሱ፣ ከዚያ ሕጉና ትንተናው። ሰላምታ የለ፣ ዙሪያ ጥምጥም የለ።

ፍለጋውም ሌላ ነው። እኛ ሕግ ስንፈልግ መጽሐፍ እንገልጣለን፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር 3367 አንቀጽ አለው፣ ከዚያ የሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ማገላበጥ ነው። እዚያ ብዙው ሕግ ያለው በዳኞች ፍርድ ውስጥ ነው። አንዱን አገኘሁ ብለህ ደስ ሲልህ ዌስትሎው የሚባለው የሕግ መፈለጊያ ቀይ ባንዲራ ያወጣብሃል፤ ፍርዱ ቢያንስ በአንድ ነጥቡ ሞቷል ማለት ነው። አጠቃቀሱማ አይነሳ! ብሉቡክ የሚሉት መጽሐፍ ኮማዋ ትጋደም ወይስ ቀጥ ትበል ብሎ ይደነግጋል። እኔ በተጋደመች ኮማ ነጥብ ተቀንሶብኛል።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ አጎቴ ከጎረቤታቸው ጋር በአንድ ትልም መሬት ይካሰሳሉ። «የአሜሪካ ጠበቃ እያለኝ ለራፖር ጸሐፊ ምን ብዬ ልክፈል?» አሉ። ጠበቃ አይደለሁም ብል ማን ሰምቶኝ። እንደተማርኩት ጻፍኩላቸው፤ አንድ ገጽ። «ጭብጥ፦ ትልሙ የማን ነው? አጭር መልስ፦ ምናልባት የአጎቴ። የመሬት ደብተሩ አዋሳኞቹን በስም ይጠራል እንጂ ካርታ የለውም፤ ነገሩ በምስክር ያልቃል።»

መነጽራቸውን አድርገው ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሙ።

«ምናልባት? ለምናልባት ነው ባሕር የተሻገርከው?»

«ጋሼ፣ እዚያ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«አባቴስ የታለ?»

አያቴን ለጉዳዩ አያስፈልግም ብዬ ሰርዤዋለሁ። መናገሩን ፈራሁ።

በነጋታው ራፖር ጸሐፊው ዘንድ ሄዱ። አራት ገጽ ይዘው ተመለሱ፤ ሒሳቡ በገጽ ነው፣ ቅር አላላቸውም። አያቴ ከነበቅሏቸው የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሉ። በደሉ፣ ዕንባው፣ የጎረቤትየው ጥጋብ ሁሉ በየተራ ይመጣል። ትልሟ አራተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማው በላይ ተወሽቃለች። ወርቁ ይኸው ነው እንግዲህ። አጎቴ ሲያነቡት ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

«የእኔን ወረቀትስ ምን አደረጉት?» አልኳቸው በኋላ።

«እንጃ» አሉ። «ምናልባት አክስትህ ቆሎ ቋጥራበታለች።»