አንድ ቋት ወይስ ብዙ ካዝና? የሁለት ዕድርተኞች ክርክር ከሐዋሳ

ነገሩ የተነሣው በዕድር ስብሰባ ላይ ነው። በሐዋሳ ከተማ የሚገኝ አንድ የሰፈር ዕድር፣ አቅም ያነሳቸውን አባላት የጤና መድን መዋጮ ከካዝናው ይክፈልላቸው ወይስ አይክፈል በሚለው ሲነጋገር፣ ሁለት አባላት አጀንዳውን ትተው የአገሪቱን ጉዳይ ያዙ። አንዷ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። ሌላው የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነው፤ በሙያውም የሒሳብ ሠራተኛ። እርሳቸው ገበሬው፣ ነጋዴውና ደመወዝተኛው ሳይለይ ሕዝቡ በአንድ ብሔራዊ የጤና መድን ቋት ይጠቃለል፣ ለሐኪም ቤቶች ሁሉ የሚከፍለውም ያ ቋት ብቻ ይሁን አሉ። እርሱ አይሆንም አለ። የዕድሩ ዳኛ ሰዓታቸውን አይተው «በጽሑፍ ጨርሱት» አሏቸው። (የአባላቱ መዋጮ ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ ተወስኗል፤ ይከፈላል።)

ሲስተር፦

ገንዘብ ያዣችን «የሐዋሳን ሰው ቁርጠት የጋምቤላ ካዝና አይከፍልም» ብሎ ስብሰባውን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ በሐዋሳ አልጋ ላይ የተኛው የሐዋሳ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከሻሸመኔ ይመጣል፤ ከዚህ ብትርቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ክልሏ ግን ኦሮሚያ ነው። ከዲላና ከሶዶ ይመጣል። እነርሱ ከእኛ ጋር በአንድ ክልል ነበሩ፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፣ የቀረው ደቡብም ከዚያ ወዲህ ተከፋፈለ። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። ጉበትና ኩላሊት ግን የክልል ወሰን መቀየሩን አልሰሙም። በሽተኛው የያዘው የመድን ደብተር ከሆስፒታሉ ጋር ውል ከሌለው ወረዳ የተሰጠ ከሆነ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያ ደብተር ተራ ወረቀት ነው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከዚያ ተስፋፋ። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ምንም ለሌላቸው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የታሰበው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው የከተማ ሰው ነው፤ ቋቱም ሲጀመር የወረዳ ነበር። ለደመወዝተኛው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ሌላ መድን ታሰበለት፦ ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ። ሠራተኛው «ደመወዜ አይነካም» በማለቱ፣ ሐኪም ቤቶቹም ገና አልተዘጋጁም በመባሉ ይህ ሁለተኛው መድን ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ። ቤቱ ገና ሲታቀድ ሁለት በር ወጣለት ማለት ነው።

በሁለቱ በሮች መካከል ማን እንደቀረ እኔ አይቻለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ሴቶች ልጆች በአንድ ክፍል አራትም አምስትም ሆነው ተከራይተው ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዷ ጎረቤቴ ናት። የትርፍ አንጀት ሕመም ሲነሣባት ሌሊት በባጃጅ ወሰድኳት። የመድን ደብተሩስ አለ፤ እናቷ ቤት፣ ገጠር፣ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቢመጣም ደመወዝተኛ ስለሆነች የእናቷ ደብተር አይመለከታትም ተባለ። የደመወዝተኛው መድን ደግሞ አልደረሰላትም። ጓደኞቿ የዚያን ወር ዕቁብ ሰብስበው ከፈሉላት።

እኔ የምለው ግድግዳው ከመቆሙ በፊት እንነጋገር ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ከመድን ውጪ ለቀረው ሕዝቧ በሙሉ ከግብር የሚሸፈን ሕክምና ሰጠች፤ እሰየው። ይሁን እንጂ የመንግሥት ሠራተኛውና የድርጅት ሠራተኛው አስቀድመው የየራሳቸውን ይዘው ስለነበር ሦስቱ እስከ ዛሬ አልተዋሐዱም። የተሻለ ነገር የያዘ ሰው ለመካፈል አይቸኩልም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና መድናቸውን ስለማሻሻል ሲከራከሩ «አንድ ከፋይ» የሚለው ሐሳብ፣ ማለትም ለሐኪም ቤቶች ሁሉ አንድ ቋት ብቻ ይክፈል የሚለው፣ ከምስክሮቹ ጠረጴዛ ወንበር እንኳ አላገኘም፤ በሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ለምን ብለው ከጠየቁት መካከል ሐኪሞች ነበሩበት፣ በፖሊስ ተይዘው ወጡ። ሐሳቡ ተከራክሮ ቢሸነፍ ባልከፋኝ፤ ሳይሰማ ቀረ። እኛም ጋ ስለ መድን ሲወራ የሚያጨቃጭቀን የመዋጮው መጠን ነው። ስንት ቋት ይኑረን ብሎ የጠየቀን ሰው አላጋጠመኝም።

ገንዘብ ያዡ፦

ሲስተር «ድር ቢያብር» ብለው ይጀምራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ስለማሩኝ አመሰግናለሁ። ስለ ልጅቷ የጻፉት እውነት ነው፤ ያን ሌሊት ባጃጁን የጠራሁት እኔ ነኝ። እርሷን ያስቸገራት ግን ደብተሩ ከቦታ ቦታ አለመሥራቱ ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ ካዝናዎቹ እርስ በርስ እንዲተሳሰቡ ማድረግ ነው። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን እንጠቀምበት የለምን? ባንኮቹ ግን አልተዋሐዱም።

ዕድራችን ለምን እንደሚሠራ ልንገርዎት። እኔ ጻድቅ ስለሆንሁ አይደለም። አንዲት ደረሰኝ ባጎድል እሑድ ጠዋት መንገድ ላይ አስቁሞ የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ ነው። የወረዳ ካዝና ሲዘገይ ሰው ሄዶ ቢሮ ያንኳኳል፣ ኃላፊውን በአባቱ ስም ያውቀዋል። ብሔራዊው ቋት ሲዘገይ የሐዋሳ ሰው የማንን በር ያንኳኳል?

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችንን እንይ። ኬንያ የቆየውን የሆስፒታል መድን ፈንዷን አፍርሳ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በአንድ የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተካችው፤ ደመወዝተኛው ከጠቅላላ ደመወዙ 2.75 በመቶ ይከፍላል። በጥቂት ወራት ውስጥ የግል ሆስፒታሎች «ያከምንበት ገንዘብ አልተከፈለንም» እያሉ በመድን የሚመጣን በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ጋና መድኑን እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ አቁማ በሸቀጥና በአገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ ቀረጥ ጣለችለት፤ በ2012 ደግሞ የወረዳዎቹን መድኖች በአንድ ጠቀለለቻቸው። እዚያም ክፍያ ዘገየ የሚለው የሐኪም ቤቶች እሮሮ አልቀረም። እኔ የምፈራው ይህንን ነው፤ ከፋዩ አንድ ብቻ ሆኖ ሲዘገይ ሐኪም ቤቱ የሚዞርበት ሌላ በር የለውም።

ስለ መድኃኒት ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። እናቴ ደብተሯን በየዓመቱ ታድሳለች፤ አንድም ዓመት አላለፋትም። የደም ግፊት መድኃኒቷን ከጤና ጣቢያ ያገኘችባቸው ወራት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ትባላለች፤ ከግል ፋርማሲ የምገዛው እኔ ነኝ። ለመንግሥት ሐኪም ቤቶች መድኃኒት በዋናነት የሚገዛው በአንድ አገራዊ ተቋም በኩል መሆኑን ሲስተር ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አንድ መሆን መደርደሪያ የሚሞላ ቢሆን ኖሮ የእናቴ መድኃኒት አይጠፋም ነበር።

ገንዘቡስ? በዚያችው በአሜሪካ ቬርሞንት የምትባል ትንሽ ግዛት ለዚህ ሐሳብ ከወንበርም አልፋ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕግ አውጥታለት ነበር። በ2014 ሒሳቡ ተሠርቶ ሲመጣ አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ 11.5 በመቶ፣ ቤተሰቦች ደግሞ እንደ ገቢያቸው እስከ 9.5 በመቶ ሊያዋጡ ሆነ፤ ሕጉን የፈረመው አገረ ገዢ ራሱ ተወው። እኛ 3 በመቶ ተብለን ከአሥር ዓመት በላይ ያንገራገርን ሰዎች ነን። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ባልተወሰነበት አገር፣ ለዚያች ልጅ 3 በመቶ ማለት የስንት ቀን ምሳ እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረችው 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካላቸው ድርጅቶች ነው፤ መላ ሕዝቧን ያዳረሰችው በ1989፣ ከ350 በላይ የነበሩትን የመድን ማኅበራት ወደ አንድ ያመጣችው በ2000 ነው። መጀመሪያ ኪሷን ሞላች፣ ከዚያ ጠቀለለች።

ሲስተር፦

የባንኩ ምሳሌ ጥሩ ነበር፤ ግን ባንክ በሌላ ማሽን የሚሰጥህ የራስህን ገንዘብ ነው። መድን የሚከፍልልህ የሌላውን ነው። ጤነኛ ወጣት የበዛበት ወረዳ ይተርፈዋል። ሽማግሌና ወባ የበዛበት ወረዳ ባዶ ካዝና ታቅፎ ከማን ጋር ይተሳሰባል? በአንድ ወር አራት ቀብር የገጠመን ጊዜ ደብተርህን ይዘህ ቤት ለቤት ተጨማሪ መዋጮ ስትለምን አይቼሃለሁ። ያን ጊዜ ማንም በታማኝነትህ አልጠረጠረህም፤ ግን በቂ ሰው አልነበርንም።

በፈቃድ የሚገባ መድን ሌላ ጣጣም አለበት፤ ሰው የሚገባው ሲያመው ነው። ስንቷ እናት «ዘንድሮ ማንም አልታመመብንም፣ ለምን አድሳለሁ» ስትል ሰምቻለሁ። ባለመታመማቸው የከሰሩ ይመስላቸዋል። ሁሉም በግዴታ የሚገባበት አንድ ቋት ይህን ጥያቄ ከሥሩ ይነቅለዋል።

የእናትህን መድኃኒት ያጠፋው የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። ገዢው ሰባት ቢሆን ሰባቱም የሚሰለፉት ለዚያው ዶላር ነው፤ እንዲያውም እርስ በርስ ዋጋ ያናንራሉ። በኬንያ ላይ ግን አልከራከርህም፤ በእኔ አስተያየት አሮጌው ቤት ሳይጸዳ፣ ዕዳው ሳይዘጋ ወደ አዲሱ ገቡ፤ ስንጀምር እንዲህ እንዳናደርግ ማየት አለብን። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ላልኸው፣ ዛሬም እኮ እየተከፈለ ነው። ከአገሪቱ የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከበሽተኛው ኪስ የሚወጣ ነው፤ ያውም በታመመበት ቀን፣ ላም ሸጦ። የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገቡ፤ የእኛ ገና አልደረሰበትም። ኮሪያን እኔም ላነሣት ነበር። እነርሱ በስንት ክርክር ያፈረሱትን ግድግዳ እኛ ገና ልንገነባው ጡብ እየቆጠርን ነው።

ገንዘብ ያዡ፦

የወረዳ ካዝና ትንሽ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ያን ወር እግሬ እስኪያብጥ ዞሬያለሁ። ታዲያ ከወረዳ ተነሥተን አገር ላይ ለምን እንዘላለን? ካናዳ ስትጀምር ሳስካቸዋን የምትባለው አንዲት ክፍለ ሀገር ናት እ.ኤ.አ. በ1947 የሆስፒታል መድን የጀመረችው። በ1962 የሐኪም ክፍያንም ልትጨምር ስትል ሐኪሞቹ 23 ቀን ሥራ አቆሙባት፤ ጸናች፤ አገሪቱም በ1966 በሕግ ተከተለቻት። ሲዳማ በአንድ ቋት ይጀምር። ገበሬውም የፓርኩ ሠራተኛም ይግባበት፤ የእኔም ደመወዝ ይቆረጥ። ሆስፒታሉ ሒሳቡን ባቀረበ በስንት ቀን እንደሚከፈለው ግን በሕግ ይጻፍልኝ።

ሲስተር፦

«የእኔም ደመወዝ ይቆረጥ» ያለውን ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ቀኑ 45 ይሁን፤ ካለፈ ወለድ ይቆጠር። ግን የሻሸመኔው በሽተኛስ? ሲዳማ ብቻውን ሲጠቀለል እርሱ ያው መስኮቱ ላይ ደብተሩን ይዞ እንደቆመ ነው። ክልሎቹ የሚቀላቀሉበት ዓመት ከመጀመሪያው ቀን በሕጉ ውስጥ ካልተጻፈ የእኛም ቋት ነገ የራሱ ግድግዳ ይሆናል።

ገንዘብ ያዡ፦

ወለዱ ከየት ይከፈላል? ከቋቱ ከሆነ የምከፍለው እኔው ነኝ።

ሲስተር፦

ከቋቱ አይደለም፤ ገንዘቡን በቀኑ ካልላከው መሥሪያ ቤት በጀት። የመሥሪያ ቤቱም በጀት ከግብሬ ነው ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። ለእርሱ መልስ አላገኘሁለትም። አንተም ለሻሸመኔው አላገኘህም።