መብራት የሄደው ካዛንቺስ፣ ስራው የሞተው ጀርመን!

አሁንስ በዛ! ዛሬም ካዛንቺስ መብራት ሄደ፣ ራውተሩ ጠፋ፣ ኤስኤስኤች (ሩቅ ያለውን ሰርቨር የምናዝበት ግንኙነት) ተቋረጠ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲገለበጥ የነበረው ዳታቤዝም መሃል ላይ ቀረ። ሰርቨሩ ያለው ጀርመን ነው። እዚያ መብራት አልጠፋም። ታዲያ ስራው ለምን ይሞታል?

ምክንያቱማ ይታወቃል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሲግሃፕ የሚባል ምልክት ለፕሮግራሙ ይላካል፣ እሱም ያቆማል። መፍትሄውም አዲስ ነገር አይደለም። ግንኙነቱ ቢቋረጥም ስራውን ሰርቨሩ ላይ የሚያቆዩ ፕሮግራሞች አሉ፦ ስክሪን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ፣ ቲመክስም ከ2007 ጀምሮ። ወጥተህ ስትመለስ ስራህን እንደተወከው ታገኘዋለህ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩልን ሰዎች ግን አንዱንም አልጫኑም! ለምን ስንል «ለደህንነት» ይሉናል። የምን ደህንነት? ግማሹ ገብቶ ግማሹ የቀረ ዳታ ነው ደህንነት?

እሺ፣ ፕሮግራሙ ሲግሃፕን ችላ እንዲል በሚያደርገው በኖሃፕ ትእዛዝ ሞከርን። እሱንም ገደሉት! ለካ የሰርቨሩን አገልግሎቶች በሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ላይ ኪል ዩዘር ፕሮሰስስ የሚለውን ማስተካከያ «የስ» አድርገውታል፣ ተጠቃሚው ሲወጣ የከፈተው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ከወጣን በኋላም ስራችን እንዲቀጥል ሎጊንሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ሊንገር ፍቀዱልን ብለን ስንት ጊዜ እንለምን? መልሳቸው ሁሌ «እናያለን» ነው። መቼ ነው የምታዩት?

ባልደረባዬ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣ በስልኳ ኢንተርኔት አገናኝታ፣ በአንድ እጇ አቅፋው ቆማ ነበር። ክዳኑን ብትዘጋው ስራዋ ይሞታላ! በዚያ ግፊያና በዚያ ካፊያ፣ ያውም በራሷ ካርድ። ይሄ ነው እንግዲህ ደህንነት የሚሉት? ቲመክስን ለመጫን እኮ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። ጫኑልን፣ ያንን «የስ»ም «ኖ» አድርጉት፣ አለዚያ ቲመክስንም ይገድለዋል!