ተሠርቶ ያለቀ ሥራ ለምን ይቆለፋል?

ኦቨርዋች በተባለው የቡድን ተኩስ የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ ምርጥ ምርጡ ሥራ ሁሉ የጊዜ ገደብ እየተበጀለት ከተጫዋቹ መነጠቁ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 ወጥቶ ሦስት ወር ሳይሞላው የመጣው የበጋ ውድድር የተባለ ጊዜያዊ ዝግጅት፣ የገጸ ባሕርያቱን ልዩ አልባሳት በክሬዲት (በጨዋታው ውስጥ ባለ መገበያያ) እንኳ መግዛት የማይቻልና ከዕድል ሣጥን፣ ማለትም ምን እንደሚወጣው ሳይታወቅ ከሚከፈት ሣጥን፣ ብቻ የሚገኙ አደረጋቸው። በዚያው ዓመት በሃሎዊን መግዛት ቢፈቀድም፣ 1,000 ክሬዲት የነበረው የምርጦቹ አልባሳት ዋጋ ወደ 3,000 ከፍ አለ።

እርሱስ ይሁን፣ ልብስ ነው። ፈጽሞ የማይዋጥልኝ አርካይቭስ በተባለው ዓመታዊ ዝግጅት የሚቀርቡት ተልእኮዎች ነገር ነው። በ2017 አፕራይዚንግ፣ በ2018 ሪትሪቢዩሽን፣ በ2019 ደግሞ ስቶርም ራይዚንግ ወጡ፤ አራት ተጫዋቾች ተባብረው የገጸ ባሕርያቱን ያለፈ ታሪክ የሚያዩት፣ ለምሳሌ በለንደኑ ኪንግስ ሮው “ነል ሴክተር” ከተባለው የሮቦቶች ታጣቂ ቡድን ጋር የሚፋለሙት፣ በእነዚህ ተልእኮዎች ነበር። ታዲያ ይህን ያህል የተለፋበት ሥራ በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ተከፍቶ ቀሪውን ዓመት ሲቆለፍ፣ በዚያ ሰሞን ፈተና ወይም የሥራ ጫና የነበረበት ሰው ምን በደለ? ሰዉን ለማጣደፍና ሣጥን ለማስገዛት ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አይታየኝም። በኦክቶበር 2022 ሁለተኛው ኦቨርዋች የመጀመሪያውን ሲተካ፣ የፊተኛው ጨዋታ የሚሠራበት ሰርቨር ተዘጋ፤ ዛሬ ያንን ጨዋታ እንደነበረ ልጫወት የሚል ሰው የሚገባበት በር የለም።