የትኛው ሎክ የትኛውን ዳታ እንደሚጠብቅ ለምን አይጻፍም?

የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነውን ከርነል ድንገት የሚጥል አንድ ስህተት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳሳድድ ቆይቼ ትናንት ማታ አገኘሁት፤ ንዴቴ ግን አሁንም አልበረደም። አንዱ ኮድ ከአንድ ሊስት ውስጥ ፖይንተር (የዳታውን የሜሞሪ አድራሻ) የሚያወጣው ሎኩን (ሁለት ኮዶች አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክለውን ቁልፍ) ይዞ ሲሆን፣ ከዚያው ሊስት ላይ የሚሰርዘው ሌላው ኮድ ግን ሎኩን ጨርሶ አይዝም ነበር። አንደኛው ፕሮሰሰር ፖይንተሩን አንብቦ ገና ሳይጠቀምበት ሁለተኛው ሜሞሪውን ይለቀዋል፤ ሜሞሪው ለሌላ ሥራ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ምንም ሳያውቅ ይጽፍበታል። ከርነሉ የሚወድቀው እዚያው ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት! የሚወድቀው ከብዙ ደቂቃ በኋላ፣ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው የፋይል ሲስተም ኮድ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት የፈጀሁት ጥፋት የሌለበትን ኮድ መስመር በመስመር ስመረምር ነበር።

ሁኔታውን ለማየት መልእክት የሚያትም አንድ መስመር ስጨምር ስህተቱ ጠፋ፤ መስመሩን ሳነሳው ተመለሰ። ማተሙ ጊዜ ስለሚወስድ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የሚጋጩባት ቅጽበት ትዛነፋለች እንጂ ግጭቱ አልተወገደም። ይህንን ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ «እንግዲያው መስመሩን እዚያው ተወው» የሚል ነበር። በሌላ ማሽን ላይ፣ በሌላ ጭነት፣ የሰው ዳታ ሊያበላሽ እንደሚመለስ እየታወቀ እንዴት እንዲህ ይባላል?

መሣሪያ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሊኑክስ ውስጥ የገባው ሎክዴፕ ሎኮች የሚያዙበት ቅደም ተከተል ሲፋለስ ያጋልጣል፤ መያዝ የነበረበት ሎክ ጭራሽ ሳይያዝ ሲቀር ግን ሎኩ የትኛውን ዳታ እንደሚጠብቅ ማንም ስላልነገረው ዝም ይላል። በ2020 ከቨርዥን 5.8 ጋር የመጣው ኬሲሳን ሁለት ፕሮሰሰሮች ያለ ጥበቃ አንድ ሜሞሪ ላይ ሲገናኙ ይይዛል፤ ነገር ግን የሚመለከተው በናሙና ነው፣ ያልሮጠ ኮድ ላይ ደግሞ ምንም ሊል አይችልም። ደርቲ ካው የተባለው የሬስ ኮንዲሽን (ሁለት ሥራዎች ሲሽቀዳደሙ የሚፈጠር ስህተት) የደኅንነት ቀዳዳ በ2007 ከወጣው ቨርዥን ጀምሮ እስከ 2016 ድረስ፣ ያን ሁሉ ዓይን አልፎ፣ ተራ ተጠቃሚን ሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው) ማድረግ የሚችል ሆኖ ከርነሉ ውስጥ ተቀምጧል።

እኔን ያንገበገበኝ የሚጎድለው ነገር ትንሽነት ነው። ኮዱ ውስጥ ሊስቱ ከተገለጸበት የስትራክቸር ፊልድ በላይ «ይህ ሊስት የሚጠበቀው በዚህ ሎክ ነው» የሚል አንድ ኮሜንት፣ በፈንክሽኑ መግቢያ ላይ ደግሞ ሎኩ መያዙን የሚያረጋግጥ አንድ የሎክዴፕ መስመር ቢኖር ኖሮ ስህተቱ ኮዱ በተሞከረበት በዚያው ቀን ይታይ ነበር። የሚሰርዘውን ኮድ የጻፈውን ሰው ስጠይቀው «ሎኩን የሚይዘው የእኔን ፈንክሽን የሚጠራው ኮድ ነው» አለኝ፤ ጠሪውን ኮድ የጻፈችውን ስጠይቃት «ውስጥ ይያዛል ብዬ ነው» አለችኝ። ሁለቱም ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ያነበቡት ምንም ያልተጻፈበትን አንድ ፋይል ነው።

ማስተካከያው ሎኩን የሚይዝና የሚለቅ ሁለት መስመር ሆነ። በዚያው ፋይል ውስጥ ሌሎች አራት ሊስቶች አሉ፤ አንዳቸውም በየትኛው ሎክ እንደሚጠበቁ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።