ትንፋሽ፦ 20

ደሴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የእህቴ ልጅ የልምምድ ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ። ሎግ ቡክ ይሉታል። የነርሲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ጋቢ ተከናንቤ በረንዳው ላይ ገለጥኩት። (ሜሪላንድ ስኖር የደሴን ብርድ ረስቼው ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ አስታወሰኝ።) ጽሑፏ ያምራል። ሙቀት 36.8፣ የልብ ምት 84፣ ትንፋሽ 20። ቀጣዩ ገጽ ላይ ሌላ በሽተኛ፣ ትንፋሽ 20። ከዚያም ሌላ፣ አሁንም 20።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምነው አክስቴ?»

«ወሎ ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል ነው እንዴ የሚተነፍሰው?»

አቀረቀረች። እኔም ወዲያው አፈርኩ። ያንን 20 አውቀዋለሁ። እኔም ስንትና ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

እኔም ነርሲንግ የጀመርኩት እዚሁ ከተማ ነው፤ የት እንደሆነ ይቅር። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሃንድአውት ያነባል፣ እኛ እንገለብጣለን። ስኪል ላብ የሚባል ክፍል ነበረን፤ ውስጡም አንዲት አሻንጉሊት። እንዳትበላሽ ተብሎ ይቆለፍባታል። ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ከሄደ ልምምዱ ቀረ ማለት ነው። ተመርቀን ስንወጣ አሻንጉሊቷ አዲስ ነበረች።

ስለዚህ የተለማመድነው ሰው ላይ ነው። ዋርድ ውስጥ ሠላሳ በሽተኛና አንድ ቴርሞሜትር። የደም ግፊት መለኪያውም ንፋስ ያስወጣል። ሐኪሞቹ ለራውንድ ከመምጣታቸው በፊት ቅጹ መሞላት አለበት። ትንፋሽ በትክክል ይቆጠር ከተባለ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይፈልጋል፤ ለሠላሳው ግማሽ ሰዓት። ባዶ የተወ በሁሉም ፊት ይሰደባል። ከጭንቅላቱ የሞላ ያልፋል። የጤነኛ አዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፤ 20 ብሎ የጻፈን ማንም አይጠይቅም። ይህንን ያስተማረን ሰው የለም። ግን ከሃንድአውቱ ሁሉ በደንብ የያዝነው ትምህርት እሱ ነበር።

አሜሪካ ስገባ ሥራ የጀመርኩት አረጋውያንን በማጠብ ነው፤ እንደ አብዛኛው ሐበሻ። ከዚያ እየሠራሁ እንደገና ነርሲንግ ገባሁ። የመጀመሪያው የሲሙሌሽን ቀን አይረሳኝም፤ በሽተኛ በሚመስል አሻንጉሊት ላይ የሚደረግ ልምምድ ነው። አሻንጉሊቱ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይናገራል። ድምፁ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው የአስተማሪዋ ነው። እኔ ደግሞ ልምድ አለኝ ብዬ ኮራ ብያለሁ። ግፊት ለካሁ፣ ምት ቆጠርኩ። ትንፋሽ ጋ ስደርስ እጄ ራሱ 20 ብሎ ጻፈ።

ደረቱ 32 ጊዜ ነበር የሚነሳው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማሽኑ ሁሉ ይጮህ ጀመር፤ «በሽተኛዬም» እጄ ላይ ሊሞት ሆነ።

ከዚያ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ዲብሪፊንግ ይሉታል፤ ከልምምዱ ራሱ ይረዝማል። ምን አየህ፣ ምን አሰብክ፣ ለምን እንዲህ አደረግክ እየተባባልክ ሥራህን ትበታትነዋለህ። አስተማሪዋ ወረቀቴን ይዛ «20ን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። ቁጣ የለባትም። ጠይቃ ዝም አለች። እኔ የማውቀው ዝምታ ስድብ የሚከተለው ነው፤ ስድቡን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም።

«ከደሴ» አልኩ።

ማንም አልገባውም። ቀስ ብዬ አስረዳሁ። የደነገጥኩት ግን ፈረንጆቹም አንድ ባንድ «እኔም ሳልቆጥር ጽፌ አውቃለሁ» ማለት ሲጀምሩ ነው።

አሻንጉሊት ሰውን ይተካል ወይ የሚለውን አሜሪካኖቹም ተከራክረውበታል። የነርሲንግ ቦርዶቻቸው ብሔራዊ ምክር ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትልቅ ጥናት አለ። ከልምምድ ሰዓቱ እስከ ግማሽ የሚሆነው በሲሙሌሽን ቢተካም ተማሪዎቹ ከሌሎቹ አላነሱም። ግን አስተማሪዎቹ ለዚሁ የሠለጠኑ ሲሆኑና ከልምምዱ በኋላ ያለው ውይይት በአግባቡ ሲመራ ነው። ሰው ይህቺን ይዘላትና «አሻንጉሊት ይገዛ!» ይላል።

የኛ 2014 ሌላ ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምትና በኅዳር የደሴ ሆስፒታልም ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈዋል። ስለዚህ ዕቃ የሚለግሰውን ማንንም አላናንቅም፤ ይላክ፣ ይምጣ። ግን እኔን የለወጠኝ አሻንጉሊቱ አይደለም። ያቺ «ከየት አመጣሽው?» የምትለው ጥያቄ ናት፤ ያለ ስድብ ስትጠየቅ። እሷ ደግሞ ጉምሩክ አትያዝም።

ፈረንጅ ሁሉን ያውቃል እያልኩ አይደለም። አብረውኝ ከተመረቁት ውስጥ የሰው ደም ሥር ላይ መርፌ ሳይሰኩ የወጡ ነበሩ። ተማሪ ይህን አይነካም፣ ያንን አይነካም፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ክስ አለ። እኔ መብራት በጠፋበት ዋርድ፣ በስልክ ባትሪ፣ ውኃ ያለቀበት ሕፃን ላይ ደም ሥር ፈልጌ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ሥራ ስጀምር ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ እምቢ ባላቸው ቁጥር «ኢትዮጵያዊቷን ጥሯት» ይሉ ነበር። ያ እጅ የደሴ እጅ ነው።

ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችንን ልጠይቅ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ከጎኗ አልጋ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ከገጠር የመጡ፣ ተኝተዋል። አንድ ተማሪ ካኑላ ሊያስገባላቸው ሁለት ጊዜ ሳተ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሦስተኛውን ሊሞክር ሲል «አብሽር ልጄ፣ እጅህ ይለምዳል» አሉት፤ ሌላኛውን ክንዳቸውንም ዘረጉለት። የትኛው አሻንጉሊት ነው እንዲህ የሚለው? ብርቱካን ላይ አርባ ጊዜ ሳይለማመድ እኚህን ሴት እንዲወጋ የላከውን ሰውም ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ብርቱካን ሰኞ ገበያ ሞልቷል።

ደግሞ ልጁ «ሕመሙ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ሕመም በቁጥር ነው እንዴ? ቀን ቀን ይጠዘጥዘኛል፤ ሌሊት ደግሞ እንደ እሳት ይለበልበኛል» አሉ። አጎንብሼ አየሁት፤ በእንግሊዝኛ «ሕመም አለ» ብሎ ጻፈ። የሴትዮዋ ሁለት ቃላት፣ መጠዝጠዙና መለብለቡ፣ እዚያው ቀሩ። እኛ ራስን ፍልጠት፣ ጎንን ውጋት፣ ሆድን ቁርጠት፣ መገጣጠሚያን ቁርጥማት እያልን እንለያለን። ግማሹ ምርመራ እኮ በሽተኛው አፍ ላይ አለ! ሜሪላንድ የከፈልኩበት አንድ ኮርስ ሙሉውን በሽተኛን እንዴት ማናገር እንዳለብን የሚያስተምር ነበር። እዚህ ቋንቋው በነፃ አለ፤ የሚያስተምረው የለም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በሽተኛው በአማርኛ፣ ተማሪው መሀል ላይ።

ፈተናውንም ላንሳ። አሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው ፈተና፣ ኤንክሌክስ፣ በኮምፒውተር ነው፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ እንደ አመላለስህ እየከበደና እየቀለለ ይሄዳል። «አራት በሽተኛ አለሽ፣ መጀመሪያ ወደ ማን ትሄጃለሽ?» ዓይነት ነው። አራቱም መልስ ትክክል ይመስላል። በሸመደድኩት ልመልስ ብዬ ስንት ሌሊት ተናድጃለሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመጣው የመውጫ ፈተና ከቴሌግራም ያወረደችውን የጥያቄ ክምር ታጠናለች። ትርጉሙን ጥሪልኝ ስላት እንደ ዳዊት ትወርደዋለች። «ታዲያ ለማን ቅድሚያ ትሰጫለሽ?» ስላት ዝም።

ትናንት ማታ ከቡና በኋላ እናቴ ሶፋው ላይ አሸለበች። ልጅቷን በዓይኔ ጠራኋት። ትንፋሽ ልቆጥር ነው ብለሽ አትናገሪ፣ ሰው ከሰማ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ የልብ ምት እንደሚለካ ሰው አንጓዋን ያዢ፣ ዓይንሽን ደረቷ ላይ አድርጊ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ አልኳት። ስልኳን ከፍታ ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት...

እናቴ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ምን ሆኛለሁ? ደግሞ ትንፋሼን መቁጠር ጀመራችሁ?»

«ኧረ እማማ፣ አጠፋሽብኝ!» አለች ልጅቷ፤ ሰዓቱን መለሰችና ከአንድ ጀመረች።